ቤት፣ ሆስፒታል ወይስ ሀገር ቤት? ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ከሀዋሳ አስታማሚዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ላይ የማይድን ሕመም ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁት ይኸው፤ ከቀላሉ ጀምረናል።

ሐኪም "ከዚህ በኋላ አይድንም" ያለው ሰው የት መሞት ነው የሚፈልገው?

አብዛኛው ሰው ቤቱ። ይሄ የኛ ሀገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ግምገማ ከተለያዩ ሀገራት 210 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ከአራቱ ጥናት በሦስቱ አብዛኛው ተጠያቂ የመረጠው ቤቱን ነው። ምክንያቱን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የራስ አልጋ አለ፣ የለመዱት ድምፅ አለ፣ ልጆች ሲገቡ ሲወጡ ይታያሉ፣ ጠያቂም በሰዓት አይከለከልም።

እኛ ጋ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ የትኛው ቤት? ሀዋሳ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ታቦር ክፍለ ከተማ ልጆቹን ወልዶ ያሳደገ ሰው "ቤቴ ውሰዱኝ" ሲል ሶዶ ወይም ይርጋለም ያለውን የአባቱን ግቢ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ሚስቱ ደግሞ እዚሁ ያለውን ሳሎን ታዘጋጃለች። ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ታዲያ የሚሞተው የት ነው?

እንደ ሀገሩ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 ከመቶ ሰው ከ80 በላዩ ቤቱ ነበር የሚሞተው። ሃምሳ ዓመት አልፎ ሲታይ ነገሩ ተገልብጦ ከመቶ ወደ 80 የሚጠጋው በሆስፒታል ሆኗል። አሜሪካ ደግሞ መልሳ ወደ ቤት እየዞረች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በተፈጥሮ ምክንያት ከሞቱት ውስጥ 30.7 ከመቶው ቤታቸው፣ 29.8 ከመቶው ሆስፒታል ሞተዋል። ቤት ሆስፒታልን ሲበልጥ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው።

የኛ ታሪክ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ዛሬም ቤቱ ይሞታል፤ መርጦ ነው ወይ ከተባለ ግን መልሱ ያስቸግራል። አንዱ ገንዘብ አልቆበት ነው፣ አንዱ አልጋ አጥቶ፣ አንዱ "ውሰዱት" ተብሎ። መዝገብ ላይ ቢሰፍር ምኞቱ የተሳካለት ይመስላል። ማስታገሻ ሳያገኝ ሲያቃስት ያደረ ሰው ግን ቤቴ ያለው ይሄን አስቦ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይዞራል፦ ቤት ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል?

ሐኪሙ "ቤታችሁ ውሰዱት" አለን። ተስፋ ቆርጦ አባረረን ማለት ነው?

በሽታውን የሚያድን ሕክምና አልቋል ማለቱ ነው። ሕመምን የሚያስታግሰው ሕክምና ገና አላለቀም። ችግሩ ነገሩ ብዙ ጊዜ በር ላይ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል። ቤተሰብ ይደነግጣል። ብርድ ልብሱንና ፔርሙዙን ሰብስቦ ይወጣል። ጥያቄው የሚመጣው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

አልጋውን ሳትለቁ ጠይቁ። ለሕመሙ ምን እንስጠው? ካልበቃውስ? ቢያስመልሰው? የሽንት ቱቦውን ማን፣ መቼ ይቀይርለታል? መድኃኒቱ ሲያልቅ ማን ይጽፍልናል? ሲብስበት ወዴት እንደውል? መውጫ ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስምና የሚወስደው መድኃኒት በሚነበብ ጽሑፍ እንዲሰፍር ወጥራችሁ ያዙ። ነገ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ከዜሮ እንዳትጀምሩ የሚያደርጋችሁ ያ ወረቀት ነው። የጤና መድህን መታወቂያና የሪፈር ወረቀቱም አንድ ላይ ይቀመጡ።

ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት ምንድነው? ሀዋሳ ላይ ከየት እንጀምር?

በሽታው ባይድንም ሕመሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩን፣ ማስመለሱን፣ ጭንቀቱን የሚያቀል ሕክምና ነው። አስታማሚውንም ይደግፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰው ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን 14 ከመቶው ብቻ ነው። በሀገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ በመርዳት ይታወቃል።

ሀዋሳ ላይ መነሻው ሪፈራል ነው፤ ሙሉ ስሙ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ሕመሙ ካንሰር ከሆነ ወደ ካንሰር ክፍሉ ነው። በየቀኑ የሚያስፈልጓችሁ ግን ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናቸው። ኤክስቴንሽኗን ስለ ክትባትና ስለ ሽንት ቤት ብቻ የምትጠይቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ከተማ ውስጥ የሚሠሩት ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ አሳዪን በሏት።

ሞርፊን ቶሎ ይገድላል ይባላል። ሱስስ አያስይዝም?

ወሬው የሚነሳው እንዲህ ነው። ሞርፊን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሰውየው በሁለተኛው ቀን ያርፋል። ጎረቤት "መድኃኒቷ ናት የጨረሰችው" ይላል። እውነቱ ግን ከትንሽ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ልክ ሲጨመር ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። የካንሰር ሕመምን ለማስታገስ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ይሆናል የሚለውም ከመድኃኒቱ የሚያርቅ ፍርሃት ነው። እንዲያውም ሕመሙ ሲታገስ ተኝቶ ያድራል፣ ልጆቹን ያጫውታል።

የሚዋጠው ተራ ሞርፊን ጉልበቱ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በሰዓቱ ይሰጣል። ፈሳሹ ከሆነ በሻይ ማንኪያ አትገምቱ። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ለኩት። ከአልጋው አጠገብ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፤ ሰዓት፣ መጠን፣ የሰጠው ሰው። እስክሪብቶውን በክር እዚያው እሰሩት፣ አለበለዚያ ልጆች ለቤት ሥራ ይወስዱታል። ይህች ወረቀት ስንቱን "ሰጥተኸዋል? አይ፣ አንቺ የሰጠሽው መስሎኝ" አስቀርታለች።

ሁለት ነገር እወቁ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ማለስለሻ እንዲታዘዝ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሲጠሩት ጨርሶ የማይነቃ፣ ትንፋሹም በጣም የዘገየ ከሆነ ግን ቀጣዩን ሳትሰጡ ለባለሙያ ደውሉ። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ለናርኮቲክ በተለየ ወረቀት ስለሆነ ከየፋርማሲው አይገኝም። ዩጋንዳ ይሄን ችግር ያቃለለችው እ.ኤ.አ. በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች ጭምር እንዲያዙት ፈቅዳ ነው። እኛ እዚያ እስክንደርስ ድረስ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ሰው መላክ ነው።

እናታችን እህል እምቢ አለች። ግሉኮስ እናሰካላት?

ይሄ አስታማሚን የሚያስለቅስ ጥያቄ ነው። ከአሞራ ገደል ትኩስ ዓሣ ተገዝቶ፣ ሾርባው ተሠርቶ፣ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ስታዞር "ለኔ ብለሽ" ይባላል። ሞት ሲቀርብ ሰውነት ምግብ መጠየቅ ያቆማል። የማትበላው በሕመሙ ምክንያት ነው፤ እናንተ ስላጎደላችሁ አይደለም። በግድ ማጉረስ ትን ሊላትና ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ደስ ያላትን፣ ባላት ሰዓት፣ በትንሹ።

ግሉኮሱ እንደ ሁኔታው ነው። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ውኃዋን ጨርሶት ከሆነና ገና ጥንካሬ ካላት ሊረዳ ይችላል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ሰውነቷ ፈሳሹን መጠቀም ይከብደዋል። እግር ያሳብጣል፣ አክታ ያበዛል። የሚደርቀው አፍ ነው። ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክራችሁ ከንፈሯንና ምላሷን አርጥቡ፣ ቫዝሊን ቀቡ። ለልጅ ልጆችም የሚሰጥ ሥራ ነው።

የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። አከራዩ "እዚህ ባይሆን" ይላል።

ስለ ቤት ሞት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይሄን ጉዳይ አያነሳውም፤ ሀዋሳ ላይ ግን ዋናው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ተከራይ ይኖራል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው። አከራዩም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ድንኳኑ የት ይተከላል፣ ለቀስተኛው የት ይቀመጣል፣ ሌላው ተከራይ ምን ይላል ብሎ ነው የሚጨነቀው።

ይሄን ወሬ ሰውየው ሲያጣጥር አትጀምሩት። አቅም እያለ፣ ከእድራችሁ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ለቅሶው ሌላ ቦታ እንደሚሆን፣ ለምሳሌ ሰፊ ግቢ ባለው ዘመድ ቤት፣ ቀድሞ ሲነገረው ብዙ አከራይ ይለዝባል። እምቢ ካለ ደግሞ በሽተኛውን ወደዚያ ዘመድ ቤት ገና መቀመጥ ሲችል ማዛወር ይሻላል። የጋራ ሽንት ቤት ከሆነ ለበሽተኛው ክዳን ያለው ባልዲ፣ ለፍራሹ ላስቲክ አዘጋጁ። አልጋው ከሰው ወሬ በማይርቅበት፣ መስኮት ባለበት ይሁን። ጓዳ አታስተኙት።

ስለ እድር ካነሳን አይቀር፦ እድሮቻችን ድንኳን ለመትከል የሚታሙ አይደሉም፤ በሽታው ሲረዝም ግን ሁሉም ጠይቆ ይሄዳል። የእድሩን ሴቶች "ማክሰኞና ዓርብ ማታ ተራ ገብታችሁ አስታማሚዋ ትተኛ" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም። አስታማሚ የሚወድቀው በእንቅልፍ እጦት ነው።

"ሀገር ቤት ውሰዱኝ" ይላል። መቼ እንውሰደው?

ካሰባችሁት ቀደም ብላችሁ። መኪና ውስጥ ተደግፎ ለመቀመጥ አቅም እያለው። ብዙ ቤተሰብ ዛሬ ነገ ሲል ይቆይና መጨረሻ ላይ በችኮላ ይነሳል። ከችኮላው ጀርባ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ሒሳብ አለ። አስከሬን የሚጭን መኪና በሕይወት ያለ ሰው ከሚጭነው በብዙ ይወደዳል። እውነት ነው፣ ሊታፈርበትም አይገባም። ግን ያ ሒሳብ ሰውየውን መንገድ ላይ እንዲሞት ሲያደርገው አሳዛኝ ነው።

ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ማስታገሻውን ይውሰድ። አስፋልቱ ደህና ነው፤ የሚፈትነው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባው ኮረኮንች ነው፣ በተለይ ሕመሙ አጥንት ከገባ። ትራስ አብዙ፣ ሹፌሩን "ለጉድጓዱ ቀስ" በሉት። ከሁሉ በፊት ግን እዚያ መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ ወስኑ። ቢያንስ የሁለት ሳምንት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሀዋሳ ላይ ደግሞ ማዘዣ የሚያወጣና የሚልክ አንድ ሰው ይቅር።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚፈልገው እዚያ መቀበርን ነው፣ እዚያ መሞትን አይደለም። ልጆቹ እዚህ ከሆኑ እዚህ አርፎ እዚያ መሸኘት ይመርጥ ይሆናል። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁት።

ትንፋሹ ሌሊት ቢለወጥስ? ሆስፒታል እንሩጥ?

ሊሆን የሚችለውን አስቀድሞ ማወቅ ድንጋጤን ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ትንፋሹ ቆም ብሎ ይቀጥላል። ጉሮሮው ውስጥ ያንኮራኩራል። ድምፁ ለሰሚ ይከብዳል፤ እሱን ግን ብዙ ጊዜ አያስጨንቀውም። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱን ትንሽ ከፍ አድርጉ። የሚሰማ አድርጋችሁ አውሩት። ቤት እንዲሆን ተስማምታችሁ ከነበረ በዚያ ሰዓት ባጃጅ መጥራት ሰውየውን ባጃጅ ውስጥ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

መሄድ የሚገባበትም ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ያልበገረው ሕመም፣ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ደም። መድማት ይችላል ከተባላችሁ ጠቆር ያለ ፎጣ ቅርብ ይቀመጥ፤ በነጭ አንሶላ ላይ ደም ማየት በሽተኛውንም ቤተሰቡንም ያሸብራል።

የሃይማኖቱን ነገር ለዚያች ሌሊት አታቆዩት። ቁርባን መዋጥን ይጠይቃል፣ ስለዚህ የንስሐ አባቱ ሰውየው ነቅቶ ሳለ ይጠሩ። ፓስተሩም፣ ያሲን የሚቀራለትም ሰው እንዲሁ። ጠበል የሚጠመቅ ወይም የሚጠጣ ሰው ማስታገሻውን ማቋረጥ የለበትም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር።

ቤት ብሎ ነበር፤ አሁን "ሆስፒታል ውሰዱኝ" አለ። ሐሳቡን ልንቀይረው ይገባል?

አይገባም። ከላይ ያነሳነው ግምገማ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሕመሙ ሲገፋ ምርጫውን እንደሚለውጥ አሳይቷል። ሆስፒታል ውስጥ ማረፍ የቤተሰብ ውድቀት አይደለም። አልጋው አጠገብ ሰው መኖሩና ሕመሙ መታገሱ ይበልጣል።

ይነገረው ወይስ ይደበቅ?

"እንዳትነግሩት፣ ይሰበራል" የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ። ከፍቅር ነው የሚለው። ግን ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ የገባበት፣ ከአዲስ አበባና ከሞያሌ ዘመድ በድንገት የመጣለት ሰው አያውቅም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። እያወቀ ለእናንተ ሲል ዝም ይላል። "ስድን ሀገር ቤት ደርሼ እመጣለሁ" እያለ ሳይሄድ የቀረ ስንት አለ።

እኔ በሽተኛውን ራሱን "ማወቅ ይፈልጋሉ?" ብለው ከሚጠይቁት ወገን ነኝ። ሁሉን ዘርግፎ መርዶ ማድረግም አይደለም። "አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን እርስዎም መስማት ይፈልጋሉ፣ ወይስ ለኛ ይተዉት?" በሉ። "ለናንተ ትቻለሁ" ካለ መልስ ነው፣ አክብሩለት። "ንገሩኝ" ካለ ቀስ በቀስ፣ የሚያምነው አንድ ሰው ይንገረው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያኔ ይቀላል፦ የት ሆነን እናስታምምዎ?

በቃሉ ቢናዘዝ ይጸናል?

ለትንሽ ነገር ብቻ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የቃል ኑዛዜ ሞት መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ስለ ቀብሩ፣ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትነት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ይሠራል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ይፈርሳል። "አባቴ በአፉ ቤቱን ለኔ ብሏል" ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ብዙ ነው፤ በዚህ መንገድ ቤት አይተላለፍም።

ቤትና መሬት ካለ በጽሑፍ ይሁን። እሱ እየነገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ግን በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው መጻፍ፣ ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ባይሆን ይመረጣል። ቤት ውስጥ ያረፈ ሰው ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ እንዲመዘገብ አትርሱ፤ ለውርስም ለባንክም የሚጠየቀው ያ ማስረጃ ነው።

ውጭ ያለው ወንድማችን "አዲስ አበባ ውሰዱት፣ ብሩን እኔ እልካለሁ" ይላል። በሽተኛው ደግሞ "በቃኝ" ብሏል።

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ማንም አላጠፋም። ሩቅ ያለው ልጅ ያየው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ኤርፖርት የሸኘውን አባቱን ነው። እናንተ የምታዩት ዛሬ ጠዋት አልጋው ላይ በሰው እጅ የተገለበጠውን ነው። "ገንዘብ አለ" የሚል ሰው ፊት "አይሆንም" ማለት ደግሞ ስስት ይመስላል።

ክርክሩን በስልክ በሁለት ወንድማማቾች መሃል አታድርጉት። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ ደውሉለትና ራሱ ይጠይቀው፦ ይሄ ጉዞ ምን ይጨምርለታል? ሳምንት ነው፣ ወር ነው፣ ወይስ የመንገድ ድካም ብቻ? የሚጨምር ነገር ካለ የሚወስነው በሽተኛው ነው። ከሌለ ቪዲዮ ከፍታችሁ አባትየው በራሱ አንደበት "ልጄ፣ እዚሁ ልሁን" ይበለው። ከዚያ በኋላ ብሩን ላክ በሉት። ሌሊት የምታድር ነርስ ይቀጠርበታል፣ ማስታገሻው ሳያልቅ ይገዛበታል፣ ዳይፐሩም ቀላል ወጪ አይደለም። ከቻለ ደግሞ የቲኬቱን ለቀብር አያቆየው፣ አሁን ይምጣበት።